ጊኒ ፒግ፣ ነጭ አይጥ ወይስ የሴል ምርመራ? ኬሚካል አለርጂ ያስይዝ እንደሆነ ለማወቅ የትኛው ይሻላል

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሳሙናና ቅባት የሚሠራ ሰው አይጠፋም። አንዱ ከእንዶድ ፈሳሽ ሳሙና ያወጣል፣ ሌላዋ ከሬትና ከጥቁር አዝሙድ የፀጉር ቅባት ትቀምማለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ደግሞ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ያመጣውን የቆዳ መድኃኒት ዕፅ ጨምቆ የመመረቂያ ጥናቱን ይጀምራል። ሁሉም ዘንድ ያው ጥያቄ ይመጣል። ይሄ ነገር የሰው ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል ወይ? በሽታ የመከላከል አቅምንስ ይነካል ወይ? ወዲያው የሚሰጠው ምክር ደግሞ «ጊኒ ፒግ ላይ ሞክሩት» የሚል ነው። ጊኒ ፒግ ከአይጥ የሚተልቅ፣ ጅራት አልባ የላቦራቶሪ እንስሳ ነው።

እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ጊኒ ፒግ ትክክለኛው ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እሱንም ከታች በዝርዝር እጽፋለሁ። ግን ዛሬ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የለበትም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ እንስሳውን አሠቃይቶ ለምንም የማይሆን ቁጥር ይዞ መውጣት ነው። ስለዚህ እንስሳ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለዩ

«በሽታ ተከላካይ ሥርዓትን ይነካል» ሲባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ምርመራውን የሚወስነው ደግሞ የትኛውን እንደምትጠይቁ ነው።

መለብለብና አለርጂ አንድ አይደሉም። እንዶድ ዓይን ውስጥ ቢገባ ማንንም ያቃጥላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የነካውንም ሰው ጭምር። በረኪናም እንደዚያው። ይህ ተራ መለብለብ ነው። አለርጂ ግን በሁለት ደረጃ ይመጣል። በመጀመሪያው ንክኪ ኬሚካሉ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፣ ቆዳ ውስጥ ያሉ ጠባቂ ሴሎች ያንን ይዘው ወደ ሊምፍ እጢ ይሄዳሉ፣ እዚያ ቲ ሴሎች (በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴሎች) ለይተው ያውቁትና ይባዛሉ። ሰውየው በዚህ ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። ሌላ ቀን ያው ነገር ሲነካው ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ግንበኛው ለዓመታት ሲሚንቶ ሲያቦካ ኖሮ በኋላ እጁ በሽፍታ የሚያዘው እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ስድስት የታወቀ አለርጂ አምጪ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሲሚንቶ ውስጥ በውኃ የሚሟሟውን ክሮሚየም ስድስት ከሚሊዮን ከ2 እጅ እንዳይበልጥ የገደበውም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጤና አዳም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ቆዳው ተቃጥሎ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ይህ የፀሐይ ብርሃንና የዕፁ ኬሚካል አንድ ላይ የሚሠሩት ጉዳት ነው፣ ብዙ ጊዜ አለርጂ አይደለም። በተለመደው የአለርጂ ምርመራም አይያዝም። ለእሱ የራሱ የብርሃን ምርመራ አለ።

በሽታ የመከላከል አቅምን ማዳከም ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ጥያቄያችሁ ይህ ከሆነ ጊኒ ፒግን እርሱት። ለዚህ የሚመረጠው ራት (ከነጭ አይጥ የሚተልቀው የላቦራቶሪ አይጥ) ወይም ነጭ አይጥ ነው። እንስሳው ኬሚካሉን ለተወሰነ ጊዜ ይወስዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀን፣ ከዚያ የበግ ቀይ የደም ሴል ወይም ሌላ የታወቀ ባዕድ ፕሮቲን ይወጋል፣ በመጨረሻም ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ይለካል። ያነሰ ካመረተ ኬሚካሉ አቅሙን እያዳከመ ነው ማለት ነው። የበግ ደም ለሰሜን ሸዋ ሰው አይቸግረውም። ራት ወይም አይጥ የሚመረጡበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ ለእነሱ የተዘጋጀ የመለኪያ ኪት በገበያ ላይ ሞልቷል፣ ለጊኒ ፒግ ግን በጣም ጥቂት ነው።

የመተንፈሻ አለርጂን በተመለከተ፣ የጊኒ ፒግ የአየር ቧንቧ ለሂስታሚን (በአለርጂ ጊዜ ሰውነት ለሚለቀው ኬሚካል) ቶሎ ስለሚጠብ ለአስም ጥናት ለብዙ ዘመን አገልግሏል። ነገር ግን አንድ ኬሚካል የመተንፈሻ አለርጂ ያስይዝ እንደሆነ ለመለየት አገሮች የተስማሙበት መደበኛ የእንስሳ ምርመራ የለም። ለማስተርስ ጥናት እዚህ ውስጥ መግባትን አልመክርም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ስለ ቆዳ አለርጂ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ከእንስሳ በፊት ወረቀት

ርካሹና ፈጣኑ ምርጫ ምንም አለመሞከር ነው። ቅባታችሁ ውስጥ ያለውን ነገር በሙሉ ጻፉ። ሽቶውን፣ ማቆያውን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም። ከዚያ እያንዳንዱን በስሙ ፈልጉ። ሲናማልዴሃይድ፣ ማለትም ለቀረፋ ሽታውን የሚሰጠው ኬሚካል፣ አለርጂ እንደሚያስይዝ ከታወቀ ቆይቷል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዘይት ውስጥ ያለው ሊሞኒን አየር አግኝቶ ሲቆይ አለርጂ አምጪ ወደሆነ ነገር ይለወጣል። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ማቆያ በአውሮፓ ኅብረት ተቀብተው ከሚተዉ መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብዙ ሰው ስላስያዘ ነው። ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለው ፓራ ፌኒሊንዳያሚንም የታወቀ ነው። ነጭ ሽንኩርት እንኳ ዳይአሊል ዳይሰልፋይድ በሚባለው ኬሚካሉ የወጥ ቤት ሠራተኞችን ጣት ያስይዛል።

መልሱ እዚያ ከተጻፈ ጊኒ ፒግ ላይ መድገም ምን ይጨምራል? ምንም። እንስሳውን ማሠቃየት ብቻ ነው። እንግሊዛውያኑ ራስልና በርች እ.ኤ.አ. በ1959 ያስቀመጡት መርሕ ዛሬም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚጠይቃችሁ ነው። እንስሳን በሌላ መተካት ይቻላል? ቁጥሩን መቀነስ ይቻላል? ሥቃዩን ማቅለል ይቻላል? ለሦስቱም በቂ መልስ ከሌላችሁ ፈቃድ አትጠይቁ።

ጊኒ ፒግ፦ ሁለት መንገድ አለ፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው

ጊኒ ፒግ እዚህ ቦታ የደረሰው በከንቱ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ያጠናው በእሱ ነው። ላንድስታይነር የተባለው ተመራማሪ በ1930ዎቹ ቀላል ኬሚካሎች የጊኒ ፒግን ቆዳ አለርጂ ሊያስይዙ እንደሚችሉ አሳየ፣ ቼዝ ከተባለው ባልደረባው ጋር ሆኖም በ1940ዎቹ መጀመሪያ ይህ አለርጂ በሴሎች አማካይነት ከእንስሳ ወደ እንስሳ እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። የዘገየ የቆዳ አለርጂን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ የጊኒ ፒግ ቆዳ እንደ ሰው ይቀላል፣ ያብጣል። ትልቁ ጥቅሙ ይሄው ነው። መያዙን ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ንክኪ የሚመጣውን ሽፍታ ራሱን ያሳያችኋል።

ሁለቱም መንገዶች በኦኢሲዲ (አገሮች የሚስማሙባቸውን የኬሚካል ምርመራ መመሪያዎች በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት) መመሪያ ቁጥር 406 ውስጥ አሉ።

አንደኛው ቡህለር የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚታወቅ። ናሙናው በተሸፈነ ፓች (ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ)፣ ተላጭቶ በተዘጋጀ የእንስሳው ጎን ላይ ለ6 ሰዓት ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀን አንዴ፣ በሳምንቱ ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛ። ከዚያ እንስሳው ያርፋል። ከጀመራችሁ አራት ሳምንት ገደማ ሲሆን በሌላኛው ጎኑ ንጹሕ ቆዳ ላይ ፓቹ አንዴ ተደርጎ በቀጣዮቹ ቀናት ሁለት ጊዜ ይነበባል። መርፌ የለም። ቢያንስ 20 የሙከራና 10 የማነጻጸሪያ እንስሳ ይፈልጋል። ከተፈተኑት 15 በመቶው ምላሽ ካሳየ ኬሚካሉ አለርጂ አስያዥ ተብሎ ይመደባል።

ሁለተኛው ማግኑሰንና ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጡት የማጉያ ምርመራ ነው። በመጀመሪያው ቀን ትከሻው አካባቢ ሦስት ጥንድ መርፌ ቆዳ ውስጥ ይወጋል፣ እያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር። ከእነዚህ ውስጥ ፍሮይንድ አጁቫንት የሚባለው ቅመም አለ። የሞቱ የነቀርሳ ዘር ባክቴሪያዎች በዘይት ውስጥ ናቸው፣ ሥራቸውም በሽታ ተከላካይ ሥርዓቱን መቀስቀስ ነው። ከሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ፓች ለ48 ሰዓት ይደረጋል። ከ20ኛው እስከ 22ኛው ቀን ባለው ጊዜ በጎኑ ላይ ለ24 ሰዓት የመፈተኛ ፓች ይለጠፋል፣ ንባቡ ከተለጠፈበት ሰዓት ከ48 እና ከ72 ሰዓት በኋላ ነው። እዚህ ቢያንስ 10 የሙከራና 5 የማነጻጸሪያ እንስሳ ይበቃል፣ ውጤቱ ካጠራጠረ ግን ወደ 20 እና 10 እንዲያድግ በጥብቅ ይመከራል። መስፈርቱ 30 በመቶ ነው።

የትኛው ይሻላል? የማጉያው ደካማ አለርጂ አስያዥን እንኳ ይይዛል፣ ለዚህም የታመነው እሱ ነው። ችግሩ አጁቫንቱ እንስሳውን ያሠቃያል። የተወጋበት ቦታ ያቆስላል፣ ይመግላል። ቁስሉን ያየ ሰው ሁለተኛ በቀላሉ አይመርጠውም። በዚያ ላይ መርፌ ቆዳን አልፎ ስለሚገባ፣ በተፈጥሮው ቆዳ ውስጥ የማይዘልቅ ነገር ሁሉ አደገኛ ሊመስል ይችላል። የተዘጋጀ ሳሙና ወይም ቅባት ከሆነ የያዛችሁት፣ መርፌ ውስጥ ሊገባ የማይችል ነገር ስለሆነ ቡህለርን ምረጡ። ንጹሕ ኬሚካል ከሆነና ሌላው መንገድ በሙሉ ከተዘጋ ብቻ የማጉያውን አስቡ። ቡህለር ከተመረጠ ደግሞ የእንስሳ ቁጥር አትቆርጡ። በ6 እንስሳ ተሠርቶ «አለርጂ አያስይዝም» የሚል ጽሑፍ ሳይ በጣም ይከፋኛል። በ6 እንስሳ ምንም ምላሽ አለማየት ምንም ማለት አይደለም።

ንባቡ ላይም ጥንቃቄ አለ። ነጥቡ ከ0 እስከ 3 ነው፤ 0 ለውጥ የለም፣ 1 እዚህም እዚያም ቀላ ያለ፣ 2 መካከለኛና የተያያዘ መቅላት፣ 3 ከባድ መቅላትና እብጠት። የሚያነበው ሰው የትኛው እንስሳ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። ነጭ ጊኒ ፒግ ያዙ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት አይነበብም። ላቦራቶሪው በየ6 ወሩ አለርጂ ማስያዙ በታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ በሄክሲል ሲናሚክ አልዴሃይድ ወይም በሜርካፕቶቤንዞቲያዞል፣ ራሱን መፈተን አለበት። ይህን ያላደረገ ላቦራቶሪ «አላስያዘም» ቢላችሁ አትመኑት፤ ምናልባት ማየት ያልቻለው እሱ ይሆናል።

አሁን ስለ እንሶስላ ልናገር። የሸዋ ሴቶች እጅና እግር የሚያቀሉበት ሥር ነው፣ ጥናት ሊሠሩበት የሚፈልጉ ተማሪዎችም አሉ። ጊኒ ፒግ ላይ ግን ትልቅ ችግር ይገጥማችኋል። ቀለሙ ራሱ ቆዳውን ያቀላዋል፣ ስለዚህ የአለርጂውን መቅላት ከቀለሙ መለየት አይቻልም። የቆዳ ውፍረት መለካት ወይም ናሙና ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ይረዳል፣ ግን ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። ለፀጉር ቀለምም ያው ነው።

ብርዱ፣ ድርቆሹና ቫይታሚን ሲ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ጥናቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ፓቹ ላይ ሳይሆን እንስሳቱ የሚያድሩበት ክፍል ውስጥ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ነው። መመሪያው ደግሞ የጊኒ ፒግ ክፍል 20 ዲግሪ ገደማ፣ ከ3 ዲግሪ በላይ ሳይዋዥቅ ይሁን ይላል። ጊኒ ፒግ መሠረቱ የአንዲስ ተራራ ስለሆነ ብርዱን ይችለዋል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። በሕይወት መቆየት አንድ ነገር ነው፣ የማይዋዥቅ ውጤት መስጠት ሌላ ነው። በብርድ የተጨነቀ እንስሳ የበሽታ መከላከል ምላሹ ይቀየራል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ምን ይሆናል? ጄኔሬተር አለ? ለዚህ መልስ ሳይኖራችሁ የአራት ሳምንት ጥናት አትጀምሩ።

ሁለተኛው ቫይታሚን ሲ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ አያመርትም። አይጥና ራት ያመርታሉ። የዶሮ ወይም የጥንቸል መኖ ብቻ የተሰጠው ጊኒ ፒግ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይታመማል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ድዱ ይደማል፣ ቁስሉ አይድንም። እንዲህ ያለ እንስሳ ላይ የአለርጂ ምርመራ መሥራት ምን ይባላል? ለጊኒ ፒግ የተዘጋጀ መኖ ቢገኝም ቫይታሚኑ እየቆየ ስለሚጠፋ ከተፈጨ በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ከረጢት ቀኑን ሳታዩ አትቀበሉ። ጎመንና ቃሪያ በየቀኑ ጨምሩ፤ ጎመን በእኛ አገር አይጠፋም። ውኃ ውስጥ የሚበጠበጥ ቫይታሚን ላይ ግን አትተማመኑ፣ ቶሎ ይበላሻል። ድርቆሽ ሁልጊዜ ይኑር፣ ጥርሱ ሕይወቱን ሙሉ ስለሚያድግ ማኘክ አለበት።

ሌላም አለ። ብቻውን አይቀመጥ፣ የመንጋ እንስሳ ነው። ከጥንቸል ጋር በአንድ ክፍል አታድርጉት፣ ጥንቸል ሳትታመም የምትሸከመው የመተንፈሻ ባክቴሪያ ጊኒ ፒግን ይገድለዋል። ቢታመም ፔኒሲሊን አትስጡ፣ አንጀቱ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድለው ይችላል። ሙከራው ከመጀመሩ በፊትም ቢያንስ ለ5 ቀን ክፍሉን ይልመድ።

ይህን ሁሉ ማሟላት የምትችሉ ከሆነ ጊኒ ፒግ ምርጫ ነው። ካልቻላችሁ አይደለም።

ነጭ አይጥ

የሊምፍ እጢ ምርመራው በኦኢሲዲ ቁጥር 429 እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው። ናሙናው በአይጧ ሁለት ጆሮዎች ጀርባ ላይ ለሦስት ተከታታይ ቀን ይቀባል፣ ለእያንዳንዱ ጆሮ 25 ማይክሮሊትር። በ6ኛው ቀን ከጆሮ ሥር ያሉት ሊምፍ እጢዎች ይወጡና ሴሎቹ ምን ያህል እንደተባዙ ይለካል። ከማነጻጸሪያው ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ አለርጂ አስያዥ ነው። ለአንድ መጠን ቢያንስ 4 አይጥ፣ ቢያንስ ሦስት መጠን።

ከጊኒ ፒግ የሚበልጥባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። በአንድ ሳምንት ያልቃል። አጁቫንት የለም፣ እንስሳዋ የሽፍታውን ሥቃይ አታይም፣ ምክንያቱም የሚለካው የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ነው። ውጤቱ በዓይን ግምት ሳይሆን በቁጥር ነው፣ ስለዚህ የእንሶስላ ቀለም አያሳስባችሁም። ከሁሉ በላይ ኬሚካሉ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ሦስት እጥፉን ለማምጣት ትንሽ መጠን ከበቃ ብርቱ ነው፣ ብዙ ከጠየቀ ደካማ ነው። ጊኒ ፒግ ይህን በደንብ አይነግርም። በአገራችን ያሉ የዕፅ ጥናቶች አብዛኞቹ በነጭ አይጥና በራት ስለሚሠሩ አያያዙን የሚያውቅ ሰው ማግኘትም ይቀላል።

የመጀመሪያው ዘዴ የሴሎቹን መባዛት ለመለካት ጨረራ አመንጪ ቲሚዲን (የዲኤንኤ መሥሪያ ኬሚካል) ይጠቀማል፣ ለዚያ ፈቃድና የቆሻሻ አወጋገድ ያስፈልጋል። አትጨነቁ። የኦኢሲዲ ቁጥር 442ቢ በኤሊሳ (በፀረ እንግዳ አካልና በቀለም ለውጥ በሚሠራ መለኪያ) የሚለካ ነው፣ የኤሊሳ ማንበቢያ ካላችሁ ጨረራ አያስፈልግም። መስፈርቱ እዚያ 1.6 እጥፍ መሆኑን ብቻ አትርሱ፣ 3 አይደለም። ይህን ስታቀላቅሉ አለርጂ አስያዡን ነገር «ደህና ነው» ብላችሁ ታሳልፋላችሁ።

ድክመቶቹም እውነት ናቸው። ዕፅን በውኃ ቀቅላችሁ ያወጣችሁት ፈሳሽ ከአይጥ ጆሮ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ እንዲይዝ ፕሉሮኒክ ኤል92 የመሰለ ፈሳሹን ቆዳ ላይ የሚያጣብቅ ቅመም 1 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። ኒኬል ላይ ይሳሳታል፣ የጆሮ ጌጥ የሚያስይዘውን ኒኬል «ደህና» ሊለው ይችላል። በተቃራኒው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት (አረፋ አውጪ የማጽጃ ኬሚካል) ያለውን የሚለበልብ ሳሙና አለርጂ አስያዥ ሊያስመስለው ይችላል። ሳሙና የምትመረምሩ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። ጆሮው ካበጠ መለብለብ ሊሆን ስለሚችል ውፍረቱን በየጊዜው ለኩ።

ያለ እንስሳ

የቆዳ አለርጂ እንዴት እንደሚመጣ በደረጃ ስለሚታወቅ ደረጃዎቹን በየራሳቸው መፈተን ይቻላል። ኬሚካሉ ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል ወይ የሚለው በቱቦ ውስጥ በፔፕታይድ (በአጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ይለካል፣ 24 ሰዓት ይፈጃል፣ ኤችፒኤልሲ የሚባል ኬሚካሎችን ለይቶ የሚለካ ማሽን ይፈልጋል። የቆዳ ሴሎች ይነቃሉ ወይ የሚለው በሰው ቆዳ ሴል ዝርያ ይታያል። ጠባቂ ሴሎች ይነሣሉ ወይ የሚለው በሌላ የሰው ሴል፣ በፍሎው ሳይቶሜትር (ሴሎችን አንድ በአንድ በሚለካ ማሽን)። ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ መልሱ እሱ ነው። ኦኢሲዲ ይህን አጣምሮ የማንበብ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2021 በመመሪያ 497 ተቀብሎታል።

ምርታችሁን ወደ አውሮፓ የመላክ ሐሳብ ካላችሁ ከወረቀቱ ሌላ ምርጫው ይህ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት መዋቢያን ለማጽደቅ ተብሎ በእንስሳ የተሞከረን ነገር ገበያው ውስጥ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2013 ሙሉ በሙሉ ዘግቷል። ለመዋቢያው ብላችሁ ጊኒ ፒግ ላይ ብትሞክሩት በራሳችሁ ላይ በር ዘጋችሁ ማለት ነው።

ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የፔፕታይዱ ምርመራ የኬሚካሉን ሞለኪውላዊ ክብደት ማወቅ ይጠይቃል። ተቀቅሎ የወጣ ዕፅ በውስጡ ስንት ነገር እንዳለ የማይታወቅ ድብልቅ ስለሆነ እዚህ አይገባም፣ ብረታ ብረትም አይገባም። ዋናውን ኬሚካል ለይታችሁ ካወጣችሁ ግን ይሠራል። ሁለተኛ፣ የሴል ሥራ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተርና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ናይትሮጅኑን የከብት ማዳቀያ አገልግሎት የሚሰጡትም ስለሚጠቀሙበት ጠይቁ። የቀረውን ብቻችሁን ከመግዛት አዲስ አበባ ካለ ላቦራቶሪ ጋር ተባብሮ መሥራት ይሻላል። ናሙናው 130 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንጂ እናንተ ኢንኩቤተር አትሸከሙም።

ታዲያ የትኛውን?

የእኔ ምርጫ ይኸውና። ዝርዝሩ የታወቀ ሳሙናና ቅባት ከሆነ ወረቀቱ ይበቃል፤ አጠራጣሪውን ሽቶ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ነገሩ አለቀ። አዲስ ተለይቶ የወጣ ንጹሕ ኬሚካል ከሆነ ያለ እንስሳ ጀምሩ። የእንሶስላ ወይም የሌላ ቀለም ያለው ዕፅ ጭማቂ ከሆነ ነጭ አይጥ፣ በኤሊሳው መንገድ። ኒኬል ያለበት ነገር ከሆነ፣ ወይም በውኃ የተዘጋጀና የሚለበልብ እንደ እንዶድ ያለ ድብልቅ ሆኖ የአይጡ ምርመራ ግራ የሚያጋባ መልስ ከሰጠ፣ ያን ጊዜ ጊኒ ፒግ፣ በቡህለር መንገድ፣ በሙሉ ቁጥሩ፣ መጀመሪያ የማይለበልበውን ከፍተኛ መጠን በጥቂት እንስሳ ለይታችሁ።

ስለ እንዶድ ካነሣሁ አይቀር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አድዋ ላይ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሥራው ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ከተጓተተባቸው ምክንያቶች አንዱ የመርዛማነት ምርመራው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደረጃን የጠበቀ ይሁን የሚለው ጥያቄ ነበር። እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። እኛ ዛሬ የምንሠራውም ምርመራ መዝገቡ፣ ማነጻጸሪያውና የእንስሳ ቁጥሩ ሙሉ ካልሆነ ማንም አይቀበለንም። ደረጃውን የጠበቀ አንድ ጥናት ደረጃ ከሌላቸው አምስት ጥናቶች ይበልጣል።

ሰው ላይስ?

ይህን በጥብቅ እናገራለሁ። ያልተመረመረ ቅባት ለጎረቤት ልጅ እየሰጡ «ካሳከካት ንገሪኝ» ማለት ምርመራ አይደለም። አለርጂ አንዴ ከያዘ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። የፀጉር ቀለም አለርጂ የያዛት ልጅ ነገ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ኬሚካል ያለባቸውን ሌሎች ነገሮችም ላትችል ትችላለች። በተለይ ቆዳው ቀድሞ የተጎዳ ሕፃን ላይ በፍጹም አትሞክሩ።

ሰው ላይ የሚሠራው ትክክለኛ ምርመራ ሌላ ነው፣ እሱም ሽፍታው ለወጣበት ሰው ነው። የቆዳ ሐኪም የተጠረጠሩትን ነገሮች በተወሰነ መጠን ጀርባ ላይ በፓች ለ48 ሰዓት ይለጥፋል፣ ሲነሣና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያነበዋል። ይህ «ይህ ሰው በምን ተያዘ?» የሚለውን ይመልሳል እንጂ «ይህ አዲስ ምርት ሰው ያስይዛል?» የሚለውን አይመልስም። ስለዚህ ደንበኛችሁ አሳከከኝ ብላ ከመጣች መሸጡን አቁሙ፣ ከዚያው ጊዜ የተሠራውን ናሙና በንጹሕ ዕቃ አስቀምጡ፣ የገባበትን ነገር ዝርዝር ሽቶውን ሳትደብቁ በወረቀት ጻፉላትና ሁለቱንም ይዛ ወደ ቆዳ ሐኪም ትሂድ።